ላፕቶፕ ሲጮህ ምን እያለ ነው?

እኛ የአንድ መኝታ ክፍል ስድስት ዕጩ መምህራን አዋጥተን የገዛናት አሮጌ ላፕቶፕ አለችን። የማስተማር ልምምዳችን ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ማራገቢያዋ ይጮህ፣ ሆዷ እንደ ምጣድ ይግል፣ ሥራዋም ይንቀረፈፍ ጀመር። ስፒከሯም ይንጫጫል። የትምህርት ዕቅዳችን በሙሉ ያለው እሷ ላይ ነው! አንድ ጠጋኝ ገና ሳይከፍታት «ቦርዷ ሄዷል» ብሎ ከኪሳችን በላይ ጠየቀን። እኛም «እስቲ አንድ በአንድ እንፈትናት» ተባባልን።

እንደሚታወቀው ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ አየር ያጥረዋል፤ የኛዋ ግን ጠረጴዛ ላይም ትጮሃለች። ስለሆነም አጥፍተን፣ ቻርጀሩን ነቅለን፣ ባትሪዋን አውጥተን ክዳኗን ፈታን። ሙቀቱ የሚወጣበትን የብረት ወንፊት አቧራ እንደ ጥጥ ደፍኖታል! ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይዘን በለስላሳ ብሩሽ ጠረግነው። ጩኸቱ በረደ፤ መንቀርፈፉም ቀረ። ለካ ብዙ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ።

የስፒከሩ ነገር ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ቻርጀሩን ስንነቅል ዝም ይላል፤ ስንሰካ ይንጫጫል። ሌላ ክፍል ስንሰካው ግን ጸጥ! ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቢያየው የክፍላችን ሶኬት የመሬት ሽቦው ተበጥሷል። ቻርጀሩ ተነቅሎም ቢንጫጫ ኖሮ በጆሮ ማዳመጫ እንሞክር ነበር፤ በዚያ ጥርት ካለ ሕመሙ የስፒከሩ ነው።

ውድ የሙያ ጓደኞቻችን፣ ነገ የሚረብሽ ተማሪ ይገጥመናል። «ይሄ ልጅ አይሆንም» ከማለታችን በፊት ምን እንደጎደለው አንድ በአንድ እንይለት።