ድኩላ የሚመርጠው፣ ላም የምትፈልገው

አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ሰውዬው ጫካ ዳር ያለች ቁራሽ መሬት አርሶ አጃና ስንዴ ይዘራል፤ በሌላኛው ጥግ ተርኒፕ የሚሉትን ሥራ ሥር ይጨምራል። ለማን? ለአጋዘን! ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ አጋዘኑ ወደዚያች ማሳ እንዲመጣና ከአዳኙ ፊት እንዲቆም ነው። ቪዲዮውን ሀዲያ ውስጥ ጊምቢቹ ላሉት አጎቴ አሳየኋቸው። እስከ መጨረሻው አይተው፣ “እኛ ሳንጠራው የሚመጣውን፣ እሱ ደሞ ዘር ገዝቶ ይጠራዋል?” አሉኝ።

“እርስዎ ቢሆኑ ምን ይዘሩለት ነበር ጋሼ?”

“አተር ነዋ! እኔ ግን ለልጆቼ ብዬ ነው የምዘራው፤ እሱ ነው ለእኔ ያለው መስሎት የሚገባው።”

ሳቅን። ነገሩን ሳስበው ግን ሁለቱ ሰዎች የሚያሰሉት አንድ ስሌት ነው። አሜሪካዊው ዘር ሲመርጥ የሚጠይቀው ዛሬ ምን ይጣፍጣል ብሎ አይደለም፤ ሌላው ሲያልቅ ምን ይቀራል ብሎ ነው። አጃ በመጸው ለምለም ነው፤ ከባድ ውርጭ ሲመጣ ግን ይሞታል። የክረምት ስንዴ ግን ብርዱን ተቋቁሞ ይቆያል። የተርኒፕ ቅጠል ደግሞ ውርጭ ካገኘው በኋላ ይጣፍጣል፤ ተክሉ ብርዱን ለመቋቋም ስኳር ያጠራቅማልና። ስለዚህ የሚያውቅበት ሰው አንዱን ብቻ አይዘራም፣ ይቀላቅላል።

እኛ ዘንድ ፈራጁ ውርጭ ሳይሆን ድርቀት ነው። መስከረም ላይ ምድሩ አረንጓዴ ነው፣ ማንም ለማንም አይቸገርም። ጥቅምት ያንጠባጥባል። ጥር ሲደርስ ከሶሮ ደጋ ወደ ኦሞ በሚወርደው ቁልቁለት ያለው ሣር ገለባ ይሆናል። በዚያን ጊዜ እርጥብ ነገር ያለበት ማሳ ያለው ሰው፣ ወደደም ጠላም ድግስ ጠርቷል። የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው፦ ብዙ ጊዜ ስለ ዘሩ እንነጋገራለን፣ ዘሩ የት ቦታ እንደሚያርፍና መቼ ከማሳ እንደሚነሳ ግን አንነጋገርም።

ማን እንደመጣ ጠዋት ማሳው ራሱ ይናገራል። ድኩላ እንደ ከብትና ፍየል የላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ ስለዚህ የአተሩን ጫፍ ይዞ ይነጥቀዋል፣ የተቆረጠው ቦታ ጭረት ጭረት ይኖረዋል። ጥንቸል ከበላችው ግን ጫፉ በምላጭ እንደተቆረጠ በሰያፍ ጥርት ይላል። ከርከሮ የነካው ማሳ የሚበላም የማይበላም ሳይለይ ተገለባብጦ ይገኛል። ጃርት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። የስኳር ድንቹ ሐረግ ላይ ላዩን ደህና መስሎ ቆሞ፣ ስትጎትተው ከሥሩ ባዶ ነው። እንሰት ከሆነ አሚቾውን ይቦረቡርና አንዳንዴ እሾሁን ጥሎ ይሄዳል። የእንሰት አጠውልግን ከተክል ተክል ያዛምታል ተብሎም ይጠረጠራል፤ ጉዳቱ በአንድ ተክል የሚያበቃ አይደለም።

መፍትሔው ወጥመድ አይደለም። የዱር እንስሳት ሕጉ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፣ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የቀረው ማማ ላይ ማደር ነው። ማማ ላይ የሚያድረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በነጋታው ትምህርት ቤት መሄድ ያለበት ልጅ ነው፤ ይህን ወጪ ማንም በምርቱ ሂሳብ ውስጥ ሲያስገባው አላየሁም።

ስለዚህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ገደልና ቁጥቋጦ የሚያዋስነው ማሳ ላይ አተርና ስኳር ድንች አልዘራም። ኑግ አለ፤ ከብት ስለማይወደው የእህል ማሳን ዙሪያውን በኑግ ማጠር በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ቆላ ቀመስ ከሆነ በርበሬም አለ። ሁለቱም ለገበያ ይሆናሉ። ጃርትን ኑግ ያስቆመዋል እያልኩ ግን አይደለም፤ ጃርትን የሚያስቆም ነገር ካላችሁ ንገሩኝ።

ለከብቱስ? ለከብቱ የአጃና የቬች (አተር መሰል የመኖ ሐረግ) ቅልቅልን የሚያህል የለም ባይ ነኝ። ከሆሳዕና አጠገብ ሌሞ ወረዳ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ 2012 የተጀመረው አፍሪካ ራይዚንግ የተባለው የምርምር ፕሮጀክት ከገበሬው ጋር ሆኖ ከሞከራቸው መኖዎች አንዱ ይኸው ነው። በግምት ሦስት እጅ አጃ፣ አንድ እጅ ቬች ነው። ቬች ለብቻው ሲዘራ መሬት ላይ ተኝቶ ይበሰብሳል፤ አጃው ምርኩዝ ይሆነዋል፣ እሱ ደግሞ ለአጃው የጎደለውን ፕሮቲን ይሞላል፣ መሬቱንም ያለማል። ሐምሌ መጨረሻ ወይም ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የተዘራ፣ ቬቹ ሲያብብ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ ይታጨዳል።

ከአሜሪካዊው ጋር የምንለያየውም እዚህ ላይ ነው። እሱ ማሳው እስከ መጨረሻዋ ቀን ቆሞ እንዲታይለት ይፈልጋል። እኛ ግን ቶሎ አጭደን፣ ጥላ ሥር አድርቀን፣ ድርቆሹን ከቤት ማግባት አለብን። “ትንሽ ይቆይ፣ ገና ይጨምራል” የሚሉ አሉ። አይጨምርም! አገዳው ይጠነክራል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ የተረፈውን ድኩላና የጎረቤት ጥጃ ይካፈሉታል።

በበጋ ቆሞ የሚቀረው እርጥብ ነገር ውሻ ሲጮህ ከሚሰማበት ርቀት ውስጥ ይሁን። እንሰቱ ድሮም ከጓሮ ነው፤ ቅጠሉ በጥርና በየካቲት ላምን ያተርፋል፣ ግን ከመጠን በላይ ከተገፈፈ ቆጮው ይቀንሳል። እርከን ላይ ደሾ ሣር፣ አጥር ላይ ትሪ ሉሰርን የተባለውን የመኖ ቁጥቋጦ መጨመር ይቻላል። ትሪ ሉሰርን ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ በበጋ አረንጓዴ ይቆያል፤ ውኃ በሚቋጥር መሬት ላይ ግን ይሞታል፣ ስለዚህ ረግረጉ ላይ አትድከሙ። በደረቁ ወራት የተጎሳቆለች ላም በጊዜው ኮርማ አትፈልግም። በያሆዴ በዓል ለሚዘጋጀው አታካና የሚሆነው ቅቤ የት እንደጠፋ መስከረም ላይ ከመጠየቅ፣ የካቲት ላይ ምን በላች ብሎ ማሰብ ይሻላል።

ትልቁ ችግር የቬች ዘር ነው። ገበያ ወጥቶ እንደ ጤፍ የሚሸመት አይደለም። መላ ብዬ የማስበው፣ ከማሳው አንድ ጥግ፣ ያውም ለቤት የቀረበውን፣ ሳያጭዱ ለዘር መተው ነው። ፍሬው ደርቆ ሳይፈነዳ በጠዋቱ ጤዛ መልቀም ያስፈልጋል፤ ከረፈደ ፍሬው ይፈነጠራል። ሌሞም ሆነ ዱና በኩል ትርፍ ዘር ያላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አጎቴ ዘንድሮ ሩብ ጥማድ መሬት ሊሞክሩ ተስማምተዋል፤ ከቤታቸው ፊት ለፊት።