ልጆቻችን ከማን ጋር ይነጋገሩ?

ሀገራችን ስለ ልጆችና ስለ ቴክኖሎጂ ስታስብ ሁለት ጽንፎች ላይ ትወድቃለች። አንደኛው መሣሪያውን ለሕፃናት አድሎ ተአምር መጠበቅ ነው። ሁለተኛው መሣሪያውን የጥፋት ሁሉ ሥር አድርጎ መርገም፣ ሲብስም መስመሩን ቆርጦ መቀመጥ ነው። ሁለቱም በመንግሥት አሠራርም ሆነ በየቤታችን ይታያሉ። ሁለቱም የሚዘነጉት ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ የሕፃን አእምሮ የሚያድገው ሲናገር በሚሰማው፣ ሲጠይቅ በሚመልስለት ሰው ነው።

ከመጀመሪያው ጽንፍ እንነሣ። «ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተሰኘው ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት በሳጥን የታሸጉ ታብሌቶችን ሰጠ። አስተማሪ አልነበረም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገሩት፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሳጥኑን ከፍቶ መሣሪያውን አበራ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደላትን መዘመር ጀመሩ፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ወሬው ዓለምን አዳረሰ።

እኔ ከዚህ የምረዳው የገጠር ልጆቻችን ብልሃት እንደማይጎድላቸው ነው፤ ይህ ደግሞ ለእኛ ዜና አይደለም። ፊደል መዘመርና አንብቦ መረዳት ግን እጅግ ይራራቃሉ። ልጁ ሳጥኑን መክፈት መቻሉ መምህር አያሻውም ማለት አይደለም። መምህሩን በወጉ መክፈል ለከበደው ሥርዓት ግን «ያለ መምህር ተማሩ» የሚለው ወሬ ከማር ይጣፍጣል።

ሁለተኛውን ጽንፍ የሶማሌ ክልል ነዋሪ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ጅጅጋ ስትታመስ ክልሉ ኢንተርኔት ተቋረጠበት። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላም መላው ሀገር ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተዘጋበት። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ከመጋቢት ጀምሮ ተዘግተው፣ ልጆች ከቤት ሆነው እንዲማሩ ይመከር ነበር። መካሪውና ዘጊው አንድ አካል መሆኑን ልብ ይሏል!

አሁን ወደ አይሻ እናምራ። አይሻ በሲቲ ዞን፣ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ነፋሻማ ከተማ ናት። ጥንት የፈረንሳዮቹ ባቡር፣ ዛሬ ደግሞ የኤሌክትሪኩ ባቡር በግዛቷ ያልፋል። 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደ የነፋስ ኃይል ማመንጫም ተተክሎባታል። ብዙ ሀብት በአይሻ በኩል ያልፋል፤ ለልጆቿ የሚተርፈው ግን ያንን ያህል አይደለም።

በዚያ ባለፍሁበት ጊዜ አንዲት ሻይ ቤት አረፍሁ። የቤቱ እመቤት ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጇን ጥግ አስቀምጣ ስልክ አስይዛዋለች። ስክሪኑ ላይ ልጁ በማያውቀው ቋንቋ ካርቱን ይሮጣል፤ ልጁ ፈዝዞ ያያል። «አይጎዳውም?» አልኋት። «ስልኩን ብቀማው ያለቅሳል፤ እሱን ስይዝ ሻዩን ማን ይቀዳል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጠራ። አባትየው ነበር፤ ጅቡቲ ወደብ ነው የሚሠራው። ያ ፈዝዞ የነበረ ልጅ ብድግ ብሎ «አቦ!» እያለ ይጮኽ ጀመር። የተጠጣበትን ብርጭቆ አሳየው፣ ጫማውን አሳየው፣ ተቆጣ፣ ሳቀ። ስልኩ ያው ስልክ ነው። ልዩነቱ በወዲያኛው ጫፍ የሚመልስ ሰው መኖሩ ነው።

ሳይንሱም ከዚህ አይርቅም። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት 12 ጊዜ ያህል የቻይንኛ ተናጋሪ ፊት ለፊት ሲያጫውታቸው የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ፤ ያንኑ ነገር በቪዲዮ ያዩት ግን ምንም አልተማሩም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ18 ወር በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን እንዳይሰጥ ሲመክር፣ የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ አውጥቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪንን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል።

መመሪያው መልካም ነው። ነገር ግን የሻይ ቤቷ እናት ሰዓት የሚቆጥርላት የላትም፤ ልጇን የምታውልበት መዋያም የላትም። ስለዚህ «ስልክ አትስጪው» ብሎ መገሠጽ ብቻውን ከንቱ ነው። የሕፃናት መዋያ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተዘጋጀ የልጆች ዝግጅት፣ የሠለጠነ የአጸደ ሕፃናት መምህር የመንግሥት ዕዳ ናቸው። ዕዳው እስኪከፈል ግን ልጅ ማደጉን አያቆምም።

እኛ ወላጆች በእጃችን ያለው ምንድን ነው? ስልኩ የግድ ከሆነ፣ ልጁ በሚገባው ቋንቋ የሆነን ነገር አስቀድሞ መርጦ ማውረድና ሲያበቃ «ምን አየህ? ከዚያስ ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ። ከማዕድና ከመኝታ ስልክን ማራቅ። ሩቅ ያሉ ዘመዶችን በቪዲዮ ማገናኘት። ከሁሉ በፊት ግን የራሳችንን ስልክ ማስቀመጥ፤ ፌስቡክ ላይ ስለ ሀገር ዕጣ ስንከራከር አጠገባችን የሚያወራውን ልጅ ስንቴ «ቆይ!» ብለነዋል?

ደግሞም ባዶ እጃችንን አይደለንም። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ይባላል፤ ያልመለሰ «ሀገር ስጠኝ» ይባላል። ጨዋታው ያለ መልስ አይሄድም፤ ልጁ አስቦ እስኪናገር ይጠብቀዋል። የሶማሌ እናቶችም በግጥምና በእንቆቅልሽ የበለጸገ ቋንቋ አላቸው። ሻይ እየቀዱ እንቆቅልሽ መጠየቅ ይቻላል፤ መብራትም ኔትወርክም አያስፈልገውም፤ ማንም ሊዘጋው አይችልም።

ቸር እንሰንብት።