የልጆች ልደትና የወረኢሉ ክተት

ተማሪዎች ሆይ፤ የታናሽ ወንድማችሁ ወይም የእኅታችሁ የልደት ቀን ሲደርስ፣ ገንዘብ የለንምና ይቅር አትበሉ። ሕፃንን የሚያስደስተው ውድ ኬክ ሳይሆን አንድ መልካም ሐሳብና የታላላቆቹ እጅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐሳቡን ከታሪካችሁ ልትወስዱት ትችላላችሁ። ዐፄ ምኒልክ ለዐድዋ ዘመቻ ክተት ባወጁ ጊዜ፣ የሸዋ ጦር እስከ ጥቅምት 1888 ዓ.ም. እኩሌታ እንዲሰበሰብ የታዘዘው በወረኢሉ ነበር። እንግዲህ በዓሉን «የወረኢሉ ክተት» ብላችሁ ሰይሙት። ባዶ ጣሳ ነጋሪት ይሆናል፤ አሮጌ ካርቶንም በክብ ተቆርጦ በከሰል ሲያጌጥ ጋሻ ይወጣዋል። ባለልደቱ ነጋሪቱን እየመታ ጓደኞቹን ከየደጁ ይጥራ፤ የመጣውም ሁሉ ጋሻውን ራሱ ይሥራ። ከዚያ በኋላ እንቆቅልሽ ይጠያየቁ፤ መልሱን ያጣ እንደ ልማዱ አገር ይስጥ።

ለምግቡ ድፎ ዳቦና የገብስ ቆሎ ይበቃል። ይህ የድህነት ምልክት አይምሰላችሁ። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሆኖም አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ዳቦና ቆሎ ግን የሁለቱንም ልጆች በአንድ ገበታ ዙሪያ ያስቀምጣል።

ከሁሉም በላይ፣ ከተጋባዦች ስጦታ አትጠብቁ። የሚያመጣው የሌለው ልጅ አፍሮ ከቤቱ ከቀረ በዓሉ ጎደሎ ነው። የምኒልክ ዐዋጅ ጉልበት የሌለውን ሰው እንኳ በሐዘኑ እንዲረዳ ጠርቶ ነበር። የእናንተም ነጋሪት ባዶ እጁን የሚመጣውን ልጅ አስቀድሞ ይጥራ።