ውሃ የማትጠጣዋ መኪና

ከሐዋሳ ወደ ደቡብ ስትወርዱ አፖስቶ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ፊት ለፊት የሚሄደው በዲላ፣ በሐገረ ማርያም፣ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ሞያሌ ያደርሳል። ወደ ግራ የሚታጠፈው ደግሞ ይርጋለምን አልፎ በአለታ ወንዶ፣ በሐገረ ሰላም፣ በቦሬና በክብረ መንግሥት እየተጠማዘዘ ነገሌ ቦረና ይገባል። የአርሲዋን ነገሌ አይደለም የምላችሁ፤ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘውን፣ የቀይ አፈርና የግራር አገር የሆነችውን ነገሌ ነው። እኔ በሁለቱም መንገዶች ሠላሳ ዓመት በሹፌርነት ተመላልሻለሁ።

ዘንድሮ ሐዋሳ የምትኖረው ልጄ ከባለቤቷ ጋር የቆጠቡትን ቆጥበው መኪና ሊገዙ ተነሡ። «አባባ፣ ልጆቼን ይዤ በየበዓሉ ነገሌ የምመጣበት፣ ለቤተሰብ የሚሆን ምን ዓይነት መኪና ልግዛ?» አለችኝ። ቶሎ መልስ አልሰጠኋትም። መልሱ ያለው በዚያ መንገድና እኔ በያዝኳቸው መኪናዎች ታሪክ ውስጥ ስለሆነ፣ ለእናንተም ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ ስለ መንገዱ። ቦሬ ላይ ብርድና ጉም ነው፤ በጠራራ ቀን የግንባር መብራት አብርታችሁ የምትነዱበት ጊዜ አለ። ክብረ መንግሥትን አልፋችሁ የአንፈራራን ደን ሰንጥቃችሁ ዋደራ ስትደርሱ አየሩ ይለወጣል። ኮት ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ግመል መታየት ይጀምራል። መኪናዋ በአንድ ቀን የደጋም የቆላም ሰው መሆን አለባት።

በቆላው ከሁሉ የሚከብደው ግን ውሃ ነው። ትልልቆቻችን እንደምታስታውሱት፣ በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ የነበረው የጦር ክፍል ያመፀው በምግብና በውሃ ምክንያት ነበር። ወታደሮቹ ሊያነጋግሯቸው የተላኩትን ጄኔራል ይዘው፣ እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ እነሱ የሚጠጡትን አጠጧቸው። የዚያን ዓመት አብዮት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከዚህ ነው። በሞያሌው መንገድ ዱብሉቅ ላይ ደግሞ የቱላ ጉድጓዶች አሉ። የቦረና ጎረምሶች እላይና እታች ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን ከጥልቁ በእቃ እየተቀባበሉ ለከብት ያወጣሉ። ውሃ እንዲህ በሚወጣበት አገር የሹፌር የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት የፈረስ ጉልበት አላት?» አይደለም፤ «ውሃ ትጠጣለች ወይ?» ነው።

እንጀራዬ የመንግሥት ላንድሮቨር ነበር። ጠንካራና ረጅም፣ የትም የሚገባ መኪና ነው፤ ግን የእኔ አልነበረም። የጉዞ ትእዛዝ ካልተፈረመ ከግቢ አይወጣም። የራሴ የነበሩት ትንንሾቹ ናቸው።

የመጀመሪያዋን በ1973 ዓ.ም. ዲላ ላይ ከአንድ የቡና ነጋዴ ገዛኋት። ሰይቼንቶ ነበረች፤ ፊያት 600። ፊያት ይህችን መኪና ለገበያ ያወጣት በ1947 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሞተሯ 633 ሲሲ ብቻ ነበር። ዛሬ ከዚያ የሚበልጥ ሞተር ያለው ሞተር ሳይክል ሞልቷል። ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣ ማስቀመጫዋ ከፊት ነው። የሰፈር ልጆች ከፊት ከፍተው «ሞተሯን ሰርቀዋታል!» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔ፣ ባለቤቴና የበኩር ልጃችን፣ ከላይ በፖርቶመጋላ አንድ ኩንታል ጤፍ ጭነን ቦሬን ወጥተንባታል። አቀበቱ ግን ያስጠማት ነበር። በጀሪካን ውሃ ይዘን፣ በየጥቂቱ ቆመን እያበረድን እንሄዳለን። ቆላው ሲመጣ ደግሞ ለመኪናዋ ከምንሰጠውና ለልጁ ከምናስቀረው ውሃ መካከል መምረጥ ይመጣል። ያኔ ነው ልቤ ወደ ቮልስ የሄደው።

ቮልስዋገኗን በ1978 ዓ.ም. አገኘሁ። ውሃ አትጠጣም። ሞተሯ የሚበርደው በነፋስ ነው፤ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም። ሞተሯ ከካምቢዮዋ ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው፤ ሁለት ሰውና አንድ ክሪክ ካለ ግራር ሥር ሊወርድ ይችላል። ካርቡራተሯ አንድ፣ ካንዴላዋ አራት። የበኩር ልጄ ገና አሥር ዓመት ሳይሞላው ካንዴላ ፈትቶ፣ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ መልሶ ያስር ነበር። ከእጁ የሚታጠበው ዘይት እናቱን ቢያበሳጭም፣ ነገር ሲበላሽ ፈትቶ ማየትን የተማረው ከዚያች መኪና ነው።

አንድ ጊዜ ከነገሌ ወደ ያቤሎ፣ መልካ ጉባ ላይ ዳዋን ተሻግረን በአሬሮ በኩል ስንሄድ ቀዩ መብራት በራ። ወርጄ ኋላዋን ብከፍት ያረጀው ቺንጊያ ተበጥሷል። መለዋወጫ አልያዝኩም፣ ሰዓቱ ቀትር ነው፣ መንገዱ ላይ ከጉንዳን ኩይሳ በቀር የቆመ ነገር የለም። ግመል የሚነዱ አንድ የቦረና ሽማግሌ መጡ። «ነጋያ?» ተባባልንና ችግሩን አሳየኋቸው። ከግመሉ ጭነት ላይ ጠፍር ፈትተው በቢላዋ በልኩ ቆረጡልኝ። እያጠበቅነው፣ እየተንሸራተተ፣ እየቆምን ለሞተሯም ለራሳችንም እረፍት እየሰጠን መንደር ደረስን። ሽማግሌው ከመለያየታችን በፊት ሞተሩን አጎንብሰው አዩና፣ «ውሃዋ የታለ?» ብለው ጠየቁ። «ውሃ አትጠጣም» አልኳቸው በኦሮምኛ። ሳቁና፣ «እንግዲያውስ የግመል ዘር ናት» አሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ቮልስ ከዚያ የተሻለ ማስታወቂያ አልሰማሁም።

አሁን ስለ መኪና የጠየቀችኝ ልጄ የተወለደችው በዚህችው ቮልስ ምክንያት ነው፤ ዘመኑ 1981 ዓ.ም. ነው። ባለቤቴ ምጧ ሲረዝም የጤና ባለሙያዎቹ «ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል፣ ይርጋለም ሆስፒታል አድርሷት» አሉን። ሰዓቱ ከምሽቱ ሦስት። ላንድሮቨሩ ነዳጁን ጠጥቶ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ትእዛዝ የሚፈርመው አለቃ ግን መስክ ወጥቷል፣ ያለ ትእዛዝ ቁልፍ የሚሰጥ የለም። ሕጉ ሕግ ነው፤ ዘበኛውም እንጀራው ነው። የቮልሷን የፊት ወንበር ከሐዲዱ ስቤ አወጣሁና ፍራሽ ዘረጋሁበት። እህቷ ከኋላ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ታቅፋ፣ እኔ መሪውን ይዤ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዋደራን፣ ክብረ መንግሥትን፣ ቦሬን በጉም ውስጥ አለፍን። በዚያ ሁሉ መንገድ ለውሃ የቆምንበት ጊዜ የለም። ልጃችን ጠዋት ይርጋለም ላይ ተወለደች፤ እናትየውም ተረፈች። ከዚያ ቀን በኋላ «ትንሽ መኪና ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ብዙም አልከራከርም።

የመኪና ነገር ሲነሣ የቋንቋችንም ነገር ይገርመኛል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ፣ ሊብሬ፦ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ወደ ነገሌ ጣሊያን የመጣው በሰላም አልነበረም። በጥር 1928 ዓ.ም. ግራዚያኒ ከዶሎ ተነሥቶ፣ ጦሩን በካሚዮንና በብረት ለበስ አሰልፎ፣ የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት ገናሌ ላይ ወግቶ ነገሌን ያዘ። ከአውሮፕላን ቦምብና መርዝ ጋር ነበር የመጣው። በኋላም መንግሥቱ «የነገሌ ማርኪዝ» ብሎ ማዕረግ ሰጠው። እሱ ሄደ፤ የመኪናው ቃላት ግን በጎሚስታው ልጅ አፍ ውስጥ ቀሩ። የእኛ ሰው መኪናውን የራሱ ያደረገው ፈትቶ ስለገጠመው ነው። የከፈትከውን ነገር ስም ትጠራዋለህ፤ ስሙን የጠራኸው ነገር ደግሞ አያስፈራህም።

ቮልሷን በ1998 ዓ.ም. ለቤት ቆርቆሮና ለልጆች ትምህርት ብዬ ሸጥኳት። በዓለም ላይ የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ቀጥሎ ጡረታ ስወጣ ቶዮታ ዲኤክስ ገዛሁ። ውሃ ትጠጣለች፣ ግን በልክ፤ ክፍሏም በየከተማው አለ። ዓይኔ የሌሊት መንገድ ሲያቅተው ለእህቴ ልጅ አስተላለፍኳት። ዛሬም ክብረ መንግሥት ላይ ዕቃ ታመላልሳለች።

ታዲያ ዛሬስ? አምና የበኩር ልጄ ከአዲስ አበባ በጣም የሚያምር መኪና ተውሶ መጣ። ነገሌ ሲደርስ አንድ መብራት በራና ሞተሩ ጉልበቱን ቀነሰ። በከተማችን የታወቀው መካኒክ ኮፋኖውን ከፈተ፤ ያየው የፕላስቲክ ክዳን ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ካቻቢቴ ሳይሆን ኮምፒዩተር ነው የሚፈልገው» አለኝ አፍሮ። እሱ የሚያፍርበት ነገር አልነበረም። ኮምፒዩተር የያዘ ባለሙያ እስኪመጣ መኪናው አንድ ሳምንት በር ላይ ቆመ፤ ልጄም በአውቶቡስ ወደ ሥራው ተመለሰ።

የቮልስን ቦታ ዛሬ በነገሌም፣ በያቤሎም፣ በሞያሌም የወረሰው ባጃጅ ነው። ሰፈር ውስጥ ሌሊት ምጥ ሲመጣ የሚጠራው ባለ ባጃጁ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ፈትተው ራሳቸው ይገጥሙታል፤ ሲሰምጥ ሦስት ሰው አንሥቶ ያወጣዋል። ግን በሦስት እግሩ በቦሬ ጉም ውስጥ ሕፃን ይዞ ሐዋሳ አይገባም። ለቤተሰብ አራት ጎማና የሚዘጋ በር ያስፈልጋል።

ትንሽ መኪና መግዛት ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። አሁን የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። አንዳንድ እኩዮቼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። እኔ ግን ነገሩን በቅንነት ሳየው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለው፣ ካርቡራተር የለው፣ የሞተር ዘይት ቀይሩልኝ አይል። በአንድ በኩል የቮልስ ዘመድ ነው። በዚያ ላይ ድሮ የምንፈራው የገናሌ ወንዝ ዛሬ መብራት ያመነጫል፤ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው የገናሌ ዳዋ ሦስት ግድብ አቅሙ 254 ሜጋ ዋት ነው። በገናሌ ውሃ የሚሄድ መኪና ነገሌ ሲገባ ማየት ያጓጓኛል።

ነገር ግን ከሐዋሳ እስከ ነገሌ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አቀበቱና ብርዱም ባትሪ ይበላል። ስለዚህ ለልጄ የመኪና ስም አልሰጠኋትም፤ አራት ጥያቄ ነው የሰጠኋት። አንደኛ፣ ነገሌ ላይ ብትቆም ማን ይከፍታታል? ሁለተኛ፣ መለዋወጫዋ በስንት ቀን ይደርሳል? ሦስተኛ፣ ጭቃ ውስጥ ብትገባ አራት ሰው ይገፋታል ወይ? አራተኛ፣ የምትጠጣውን፣ ቤንዚንም ይሁን መብራት፣ ቦሬና ክብረ መንግሥት ላይ ታገኛለች ወይ? ለአራቱም መልስ ያላት መኪና፣ ዓይነቷ ምንም ይሁን፣ ለቤተሰብ ትሆናለች። መልሱ እስኪሟላ ድረስ አገር ውስጥ ካሉት ያገለገሉ ትንንሾች አንዷን፣ ክፍሏ ክብረ መንግሥት ሱቅ ላይ የተሰቀለውን ብትይዢ ይሻላል አልኳት።

አምስተኛ ነገር የጨመርኩት ለእሷ ብቻ አይደለም፤ ልጅና የልጅ ልጅ ላላችሁ ሁሉ ነው። የምትገዙትን መኪና ኮፋኖ ልጆቻችሁ ፊት ክፈቱት። ዘይት መለኪያው የቱ እንደሆነ፣ ባትሪው የት እንዳለ፣ ጎማ እንዴት እንደሚፈታ አሳዩአቸው። የነዳጅም ይሁን የኤሌክትሪክ፣ ጎማው ያው ጎማ ነው፤ ክሪኩም ያው ክሪክ ነው። የልጄ ታናሹ ልጅ ባለፈው ፋሲካ ስኮርት ጎማ እንዴት እንደሚፈታ አሳየኝ ብሎ አስቸገረኝ። እጁ ጥቁር እስኪሆን ድረስ ብሎኖቹን አጥብቆ ሲጨርስ፣ እያንዳንዱን በእግሩ እየረገጠ ሞከረ። ያንን ማንም አላስተማረውም።