ባሕር የሌለው አገር ልጅ የባሕር ነፋስን ለምን ያጠናል?

«መምህር፣ እኛ ባሕር የለን፣ ወደብ የለን። የባሕር ላይ ነፋስ ኃይል ተምሬ ስመለስ ምን ላይ ልሠራበት ነው?»

ይህን ጥያቄ ውጭ አገር ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚያመለክቱ የቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ደጋግመው ይጽፉልኛል። ያገኙትን ዕድል «ልተወው ወይ?» እስከማለት የደረሱም አሉ። ቤተሰብም «መርከበኛ ልትሆን ነው እንዴ?» እያለ ያሾፍባቸዋል። ለየብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ ነገር፣ የባሕር ላይ ነፋስ ኃይል ታሪክ የጀመረው ባሕር ላይ አይደለም። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው።

በ1891 ዴንማርክ ውስጥ አስኮቭ በምትባል የገጠር መንደር ፖል ላ ኩር የሚባል መምህር ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የሙከራ ነፋስ ወፍጮ አቆመ። ሐሳቡ ገጠሩ መብራት እንዲያገኝ ነበር። ክንፍ እየለዋወጠ ለካ፤ ጥቂት ክንፍ ኖሯቸው ፈጠን ብለው የሚዞሩት እንደሚሻሉ አየ። የገጠር ኤሌክትሪሺያኖችንም አስተማረ። ከተማሪዎቹ አንዱ ዮሐንስ ዩል በ1957 ጌድሰር ላይ ባለ ሦስት ክንፍ፣ 200 ኪሎ ዋት ተርባይን ተከለ። ያ ማሽን አሥር ዓመት ገደማ ብዙ ጥገና ሳያስቸግር ሠራ። በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲንር አሜሪካኖች ሳይቀሩ ወደዚያ አሮጌ ማሽን ተመልሰው እንደገና እንዲነሣና እንዲለካ አደረጉ። በዚያው አሥር ዓመት ትቪንድ በሚባል ትምህርት ቤት መምህራን፣ ተማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች ተሰብስበው 2 ሜጋ ዋት የሆነ፣ የክንፎቹ ዙሪያ ስፋት 54 ሜትር የደረሰ ተርባይን በገዛ እጃቸው ሠርተው በ1978 አስነሡት። አዎ፣ ተማሪዎች!

በ1991፣ ማለትም ከላ ኩር ሙከራ ልክ 100 ዓመት በኋላ፣ ዴንማርኮች ቪንደቢ ላይ በዓለም የመጀመሪያውን የባሕር ላይ የነፋስ ማመንጫ ተከሉ። 11 ተርባይኖች፣ እያንዳንዳቸው 450 ኪሎ ዋት። ሁሉም ተደምረው 5 ሜጋ ዋት አይሞሉም። ዛሬ አንዱ ተርባይን ብቻውን 15 ሜጋ ዋት ደርሷል።

በተቃራኒው ጀርመኖች በ1983 በቀጥታ ከትልቁ ጀመሩ። ግሮቪያን የሚባል፣ 3 ሜጋ ዋት፣ የክንፎቹ ዙሪያ ስፋት 100 ሜትር የሆነ ግዙፍ ማሽን። ገንዘብ ነበር፣ ዕውቀት ነበር፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ነበሩ። ግን ብረቱ መሰንጠቅ ጀመረ። ማሽኑ በዕድሜው የሠራው ሰዓት ቢደመር 500 እንኳ አይሞላም፤ በ1988 ተነቀለ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለኢንጂነርም ይሠራል። ዴንማርኮቹን የጠቀማቸው ትንሽ ሠርቶ፣ አስነሥቶ፣ የተሰበረውን አይቶ፣ ለክቶ፣ ለተማሪ አስተላልፎ ቀጣዩን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነበር።

እሺ፣ ታዲያ ለምን ባሕር ውስጥ ገቡ? ነፋሱ እዚያ ስለሚበረታ ነው። ከነፋስ የሚገኝ ኃይል ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ነው የሚያድገው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ባሕር ላይ ግን ለእያንዳንዱ ተርባይን መሠረት መትከል፣ መርከብ መከራየት፣ ገመድ መዘርጋት እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ ብዙ ትንንሽ ከመትከል ጥቂት ግዙፍ መትከል ያዋጣል። ዛሬ የአንዱ ክንፍ ርዝመት ከ107 ሜትር አልፏል። የእግር ኳስ ሜዳ ከጎል እስከ ጎል አስቡት፤ ያ አንድ ክንፍ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል። የክንፉን ርዝመት እጥፍ ብታደርጉት የሚጠርገው ስፋት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱ ግን፣ ቅርጹን ሳትቀይሩ ካሳደጋችሁት፣ ስምንት እጥፍ ነው። ገቢው በአራት፣ ዕዳው በስምንት! ካርቦን ፋይበሩም፣ ቀጫጭኑ ቅርጽም፣ ለዓመታት የሚካሄደው ምርምርም ይህን ሒሳብ ለመርታት ነው።

ሁለተኛው ጠላት የብረትና የፋይበር ድካም ነው። ልጅ ሆናችሁ ሽቦ በእጃችሁ ወዲያና ወዲህ እያጠፋችሁ ቆርጣችሁ ታውቃላችሁ። በአንድ ጊዜ ጎትታችሁ የማትበጥሱትን ሽቦ ሃያ ጊዜ ብታመላልሱት ይቆረጣል። ክንፍም እንዲሁ ነው። በአንድ ዙር ውስጥ የራሱ ክብደት አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ያጥፈዋል። ተርባይኑ ሳያቋርጥ በደቂቃ 8 ዙር ቢዞር፣ በ20 ዓመት ከ80 ሚሊዮን ዙር በላይ ነው። አንድ ማዕበል፣ አንድ ኃይለኛ ነፋስ አይደለም ብዙውን ጊዜ የሚገድለው፤ ያ ሁሉ ትንሽ ትንሽ መመላለስ ነው።

ሦስተኛው ጥገና ነው። ባሕሩ ሲናወጥ ጀልባ ተርባይኑን መጠጋት ስለማይችል፣ አንዲት ትንሽ ብልሽት ማሽኑን ለሳምንታት ልታስቆመው ትችላለች። ስለዚህ ዲዛይነሮቹ «ሊበላሽ የሚችለውን ነገር ከመጀመሪያው ብናወጣውስ?» አሉ። በባሕር ላይ ብዙዎቹ ትልልቅ ተርባይኖች ካምቢዮ የላቸውም፤ ክንፉ ጀነሬተሩን በቀጥታ ያዞረዋል። ይህ አሠራር ሩቅ እንዳይመስላችሁ፤ የአዳማ አንድ 34 ተርባይኖችም ካምቢዮ የላቸውም።

አሁን እኔን በጣም ወደሚገርመኝ ልውሰዳችሁ፤ ወደ ተንሳፋፊው ተርባይን። ውሃው ከ60 ሜትር በላይ ሲጠልቅ ምሰሶውን ከባሕሩ ወለል ላይ መትከል አያዋጣም። ስለዚህ ተርባይኑ ተንሳፋፊ አካል ላይ ይቆምና በሰንሰለት ይታሰራል። ኖርዌጂያኖች በ2009 አንድ ሞከሩ፤ በ2017 ደግሞ ስኮትላንድ አጠገብ እያንዳንዳቸው 6 ሜጋ ዋት የሆኑ አምስት ተከሉ።

መሬት ላይ ያለ ተርባይን ነፋሱ ከልክ በላይ ሲበረታ፣ ኮምፒውተሩ ክንፎቹን ጠምዘዝ አድርጎ ትርፉን ነፋስ ያሳልፋል። ጥሩ ዘዴ ነው። ያንኑ ተርባይን ከነሶፍትዌሩ ወስዳችሁ ተንሳፋፊ ላይ ስታቆሙት ግን ጉድ ይመጣል። ማዕበል ማማውን ወደ ነፋሱ ሲያዘነብለው ተርባይኑ ነፋስ የጨመረ ይመስለዋል፤ ክንፉን ያላላል። ክንፉ ሲላላ ማማውን ወደ ኋላ ይገፋ የነበረው ኃይል ይቀንስና ማማው ይበልጥ ወደ ፊት ያዘነብላል። ሲመለስ ደግሞ ተገላቢጦሹ። ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በየዙሩ እንደሚገፋ ሰው፣ ሶፍትዌሩ ራሱ መወዛወዙን ያባብሰዋል ማለት ነው። አንዱ መፍትሔ ተቆጣጣሪው ከተንሳፋፊው መወዛወዝ ይልቅ ዝግ ብሎ ምላሽ እንዲሰጥ ማድረግ ነው።

ልብ በሉ፤ ማሽኑ አልተበላሸም። ሶፍትዌሩም አልተሳሳተም። ቦታው ነው የተቀየረው። የባሕር ላይ ነፋስ ምርምር ማለት ለእኔ ይኼ ነው፦ ማሽን ቦታ ሲቀይር ዲዛይኑ ውስጥ የተደበቁትን ግምቶች አንድ በአንድ አውጥቶ እንደገና መጠየቅ።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። የእኛም ደጋ እኮ በራሱ መንገድ ባሕር ነው። ተርባይን ሲነደፍ በተለምዶ የሚወሰደው የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ላይ ያለው ነው፤ በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ግራም። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አሸጎዳም ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ በዚያው ነፋስ የሚገኘው ኃይል እስከ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ጀነሬተሩን የሚያቀዘቅዘውም ይኸው ስስ አየር ነው። በሌላ በኩል ስስ አየር ክንፉን የሚገፋው ቀለል ባለ ጉልበት ስለሆነ፣ በዚያው ማሽን ላይ ረዘም ያለ ክንፍ ሊገጠም ይችል ይሆን? የክንፉን ጫፍ እነሱ ዘንድ ዝናብና ጨው ይበላዋል፤ የባሕር ላይ ግዙፍ ክንፍ ጫፉ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ አቧራ አለ። ነፋሳችን የሚበረታው በበጋ፣ ወንዞቻችን በሚቀንሱበት ጊዜ ነው፤ የግድቦቻችንን ውሃ ለመቆጠብ ከዚህ የተሻለ ሸሪክ የለም። እነዚህን ጥያቄዎች የሰሜን ባሕር ሰዎች አይመልሱልንም። የእነሱ ጥያቄዎች አይደሉማ!

ነገሩ ለጊዜው የማይቸኩል መስሎ ከታያችሁ፣ አንድ ቀላል ሒሳብ ልስጣችሁ። አዳማ አንድ (2012) 34 ተርባይን፣ አሸጎዳ (2013) 84፣ አዳማ ሁለት (2015) 102። ሦስቱ ብቻ 220 ተርባይን፣ 324 ሜጋ ዋት ናቸው። ተርባይን ሲነደፍ የሚሰጠው ዕድሜ በተለምዶ 20 ዓመት ነው። የአዳማ አንድ 20 ዓመት የሚሞላው በ2032 ነው።

ያኔ አንድ ሰው መወሰን አለበት። ይነቀሉ? በአዲስ ይተኩ? ወይስ ገና ጉልበት ስላላቸው ሌላ አምስት ዓመት ይሥሩ? ቪንደቢ 25 ዓመት ሠርቶ ነው በ2017 የተነቀለው። ይህ ውሳኔ በዓይን ግምት አይሰጥም። ክንፉ ስንት ጊዜ ታጠፈ፣ ቡሎኑ ምን ያህል ጫና አየ፣ ኩሽኔታው ምን ያህል ሞቀ ተብሎ ተሰልቶ ነው የሚሰጠው። በየአሥር ደቂቃው አንድ መዝገብ ቢያዝ፣ 220 ተርባይኖች በቀን 31,680 መዝገብ ይጽፋሉ። ያንን ማንበብ የሚችል የራሳችን ሰው ከሌለ፣ «ጨርሷል፣ አዲስ ግዙ» ሲባል «እስቲ ስሌቱን አሳየኝ» የሚል አይኖርም። ሒሳቡ ደግሞ በውጭ ምንዛሬ ነው።

የብረት ድካምን፣ ቀሪ ዕድሜን፣ ከርቀት ሆኖ ብልሽትን አስቀድሞ መለየትን በጥልቀት የሚማሩት የት ነው? ጀልባ መጠጋት ባልቻለበት፣ ስህተት በጣም ውድ በሆነበት ቦታ። ባሕር ላይ!

ስለዚህ ልጆች፣ ዕድሉን አትተዉት። ሂዱና ተማሩ። ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ከመሄዳችሁ በፊት አዳማ ወይም ሌላ የነፋስ ጣቢያ ደርሳችሁ ከቴክኒሻኖቹ ጋር አንድ ቀን ዋሉ። በብዛት ምን እንደሚበላሽባቸው፣ የትኛው ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ ማሽን እንደሚቆም ጠይቋቸው፣ ጻፉት። እዚያ ስትደርሱ ፕሮፌሰሩ የሰሜን ባሕርን ጥያቄ ይሰጣችኋል፤ እሱን በደንብ ሥሩለት። ጎን ለጎን ግን ያንን ወረቀት ከኪሳችሁ አታውጡት።

በነፋስ ጣቢያዎቻችን የምትሠሩ ወዳጆቼ ደግሞ፣ ተማሪ መጥቶ ሲጠይቃችሁ አትመልሱት። በ2032 ስሌቱን የሚሠራላችሁ እሱ ሊሆን ይችላል።

ቸር ሰንብቱ።