ለቀብር ላልደረሰው ወንድሜ

ሐይቅ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

አብሽር፣ ወንድሜ።

እናታችንን ማክሰኞ ከዙሁር በኋላ ቀበርናት። የሰፈሩ ቅሬ እስላም ክርስቲያን ሳይል ወጣላት። ቃሬዛው ሲነሣ አንተ የምትይዘውን ጫፍ ፈርቼለት ዞር ብል፣ ያ በልጅነታችን ዓሣ ሊያወጣ ሲሄድ ሐይቁ ላይ ይዞን ይወጣ የነበረው ሽማግሌ ትከሻውን አስገብቶበታል። «ይሄ የልጅየው ነው» አለኝ፤ ሌላ አልተናገረም።

ስልክ ላይ «እናቴን ሳልቀብር ምን ልጅ ነኝ» አልከኝ። ይሄን አልቀበልህም። ያስቀረህ ወረቀትህ እንጂ አንጀትህ አይደለም። በ2014 ጥቅምት ደሴ በሕወሓት ስትያዝ፣ ስልኩ ተቋርጦ፣ መኖር መሞታችንን ሳታውቅ ስንት ሌሊት እንዳደርክ አውቃለሁ። ከዓመት በኋላ አሜሪካ በጦርነቱ ምክንያት እዚያ ላላችሁት ኢትዮጵያውያን ጊዜያዊ ከለላ ሰጠች፤ ከታኅሣሥ 3 ቀን 2015 ጀምሮ ለ18 ወር፣ ኋላም እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ተራዘመ። ያሠራል፣ ከመባረር ያድናል። ግን በራሱ ቋሚ መኖሪያ አይሆንም፤ ሳያስፈቅዱ ከወጡ ደግሞ መመለሱ ያሰጋል። እናታችን «የውሰት ወረቀት» ነበር የምትለው። አንድም ቀን ቀረብኝ ብላ አልወቀሰችህም፤ የምትጠይቀኝ «ወጣለት?» ብላ ብቻ ነበር።

ያ የነገርከኝ አፍጋናዊ ባልደረባህም ትዝ ይለኛል፤ ለአሜሪካ ጦር ሲያስተረጉም ኖሮ በነሐሴ 2013 ከካቡል በአውሮፕላን የወጣው። እንደ እሱ የወጡት ከ70,000 በላይ ሆነው አሜሪካ ገቡ፤ ለአብዛኞቹ የተሰጣቸው የሁለት ዓመት ፈቃድ ነው። ቋሚ ይሁንላቸው የሚለው ረቂቅ በነሐሴ 2014 ለኮንግረስ ቀርቦ እስከ ዛሬ ሕግ አልሆነም። አብሮ የተዋጋላቸውን እንዲህ ደጅ ካስጠኑት ባንተ መዘግየታቸው አይገርመኝም፤ ያናድደኛል እንጂ። ለቬትናም ስደተኞች ግን፣ ሳይጎን በእኛ አቆጣጠር በ1967 ወድቃ በ1970 ቋሚ መኖሪያ የሚያገኙበት ሕግ ወጥቶላቸዋል። በሩ ከዚህ በፊት ተከፍቶ ያውቃል ማለት ነው።

አሁን ልነግርህ የፈለግሁትን ስማ። ልናጥባት ስንሰናዳ ሳጥኗን ከፈትን። ከታች፣ በድሮው ነጠላዋ የተጠቀለለ አዲስ አቡጀዲ አለ። ጎረቤቷ ናት የነገረችን፤ ባለፈው ረመዳን ከላክህላት ብር ቆጥባ ደሴ ድረስ ሄዳ የገዛችው ከፈኗ ነው። «ልጄ ባይደርስ እንኳ ያለብሰኛል» ብላታለች። በዚያ ከፈንናት። ከኛ ከቆምነው ውስጥ እንዲህ የቀበራት የለም።

አርባዋን በሰደቃ እናስባታለን። ዱአው ሲጀመር ስልኩን ኔትወርክ ትፈልግበት ከነበረው የመስኮት ደፍ ላይ አኖረዋለሁ። እዚያ ሌሊት ይሆናል። ሥራ ላይ ብትሆንም ደውል።

ታላቅ ወንድምህ