የሰቆጣ ማለዳና ማታ

አንድ ወጣት ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲይዝና ምድቡ ሰቆጣ መሆኑ ሲነገረው፣ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ «አይዞህ፣ ሁለት ዓመት ቶሎ ያልፋል» እያለ ይሸኘዋል። ወጣቱም ከተማይቱን ገና ሳያያት የሚለቅባትን ቀን መቁጠር ይጀምራል። ሻንጣውን ሳይፈታ ይከርማል፤ በግድግዳው ላይ ከቀን መቁጠሪያ በቀር አንዳች አይሰቅልም፤ ከመሥሪያ ቤት ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ መሥሪያ ቤት ይመላለሳል። እንዲህ ያለው ሰው በሰቆጣም አልኖረ፣ ከሚመኘው ከተማም አልደረሰ፤ ዕድሜው በመካከል ባክኖ ቀረ ማለት ነው።

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በተራሮች መካከል ተቀምጣለች። የሩቅ ሰው ስሟን የሚያውቀው ግን ይልቁን በመከራዋ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የዋግ ገበሬ ልጁን አዝሎ ወደ ኮረም ተሰዷል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በስሟ ተጠርቷል። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነትም እስከ ከተማይቱ ደርሷል፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለ ብዙ ሰው ተጠልሎባታል።

ታዲያ እንዲህ ባየች አገር ትንንሽ ደስታ መፈለግ ቅንጦት አይሆንም ወይ? የሚል ይኖር ይሆናል። አይሆንም። ትንሿን ነገር አክብሮ መያዝን ብዙ ካጣ ሰው የበለጠ የሚያስተምር የለም፤ የዋግ ሰውም ይህን ትምህርት ለእንግዳው አይነፍገውም።

ነገሩን ከቤት እንጀምር። የኪራይ ክፍል ጠባብና ባዶ ልትሆን ትችላለች። ሆኖም በአሮጌ ጣሳ አፈር ሞልቶ ጤና አዳም የተከለባት ሰው፣ ማታ ሲመለስ በደጃፉ የሚጠብቀው ሕያው ነገር አለው። ቅጠሏም ለቡና ትሆናለች። የግቢው እመቤት «ልጄ፣ ና ቡና ጠጣ» ሲሉት «ሥራ አለብኝ» ብሎ የሚያልፍ ወጣት ብዙ ነገር ያመልጠዋል። በአቦሉ ስለ ጤናውና ስለ ወላጆቹ ይጠየቃል፤ በቶናው የእህሉን ዋጋና የዝናቡን ሁኔታ ይሰማል፤ በበረካው ደግሞ ተመርቆ ይነሣል። ይህ ሁሉ ወጪው፣ ተራው ሲደርስ ጥቂት ቡናና ስኳር ይዞ መምጣት ብቻ ነው።

ከግቢው ልጆች በየማታው አንዲት የኽምጣና ቃል መማርም ሌላ ደስታ ነው። ኽምጣና ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ድምፁ ለአዲስ ሰው ምላስ አይታዘዝም። ልጆቹ በአነጋገሩ ሲስቁ እርሱም አብሮ ይስቅ። ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ሰላምታ ትሰምርለታለች። ከዚያ ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የመጡ አባት ጉዳያቸውን ይዘው ከጠረጴዛው ፊት ሲቆሙ፣ በገዛ ቋንቋቸው ሰላም ቢላቸው ፊታቸው እንዴት እንደሚፈታ ያያል። ያን ቀን የቤት ጨዋታው ለመንግሥት ሥራም እንደ ጠቀመ ይረዳል።

ለማዕድም ቢሆን አገሩ ስጦታ አለው። የዋግ ነጭ ማር ስመ ጥር ነው። የተከዜ ግድብም ቁመቱ 188 ሜትር ሆኖ በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሰፊ ሐይቅ ከፈጠረ ወዲህ፣ በዝቋላና በአበርገሌ በኩል ዓሣ ማስገር ለወጣቶች ሙያ ሆኗል። ሁለት ሦስት ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው እሑድ አንድ ወጥ አብረው ቢሠሩ፣ ለየብቻ ከሚበሉት ምሳ የበለጠ ይጠግባሉ።

አሁን ደግሞ ጫማችንን አጥብቀን እንውጣ። የመጀመሪያው መንገድ ወደ ገበያ ነው። ምንም የሚገዛው ባይኖር እንኳ ሰው ገበያ ወጥቶ ይይ። በ19ኛው መቶ ዘመን ይህ ገበያ ከአፋር በረሃ በሚመጣው አሞሌ ጨው የታወቀ ነበር፤ አሞሌውም እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። እፍኝ ጨው ለወጡ የሚገዛ ወጣት ይህን ቢያስብ፣ በእጁ ያለው የነጋዴዎችና የግመሎች ታሪክ መሆኑን ይገነዘባል።

ሁለተኛው መንገድ ራቅ ይላል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከዐለት የተፈለፈለ ነው፤ ጥንት አገሩን ይገዙ የነበሩት የዋግ ሹሞች አስከሬንም በዚያ ተጠብቆ ይገኛል። ከዚህ ወገን የተነሡት ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው እስከ 1863 ዓ.ም. ገዝተዋል። ለዚህ ጉዞ ማለዳ መነሣት ይበጃል። መንገዱን የሚያውቅ የአገር ሰው አብሮ ቢሄድ ደግሞ ጨዋታውም አያልቅ፣ ድካሙም አይታወቅ።

ሦስተኛው መንገድ ወሰን የለውም፤ ከሥራ በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በከተማው ዳር መዘዋወር ብቻ ነው። በበጋ ራቁቱን የነበረው ኮረብታ በክረምት አረንጓዴ ሲለብስ ያን ለውጥ የሚያየው በየቀኑ የሄደበት ሰው ነው። ነሐሴ 16 ቀን የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ደግሞ ሻደይ ይገባል። ሻደይ የበዓሉም፣ ልጃገረዶች በወገባቸው የሚያስሩት ለምለም ሣርም ስም ነው። በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ከበሮው ሲመታና ልጃገረዶቹ ከደጅ ደጅ እየዞሩ ሲጫወቱ፣ ከዓመት በፊት በእንግድነት የመጣው ወጣት ከመካከላቸው የጎረቤቱን ልጅ በስሟ ጠርቶ ሽልማት ለመስጠት ቢችል፣ እንግድነቱ አበቃ።

የዝውውሩ ደብዳቤ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። በመኪና የሚጫነው ዕቃ ጥቂት፣ የሚሰናበተው ሰው ግን ብዙ ከሆነበት፣ ያ ወጣት ዓመታቱን በከንቱ አላሳለፋቸውም። ጤና አዳሟንም ለግቢው እመቤት ይተውላቸው፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ተከራይ ቡና ሲያፈሉ ትሆናለች።